ሬሳውን ሳናይ ድንኳን አንትከል፦ «ግሎባል ሄልዝ ሞቷል» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በየግሩፑ እየዞረ ነው። ለኔ ብቻ ከአስር በላይ ሰው ላከልኝ፣ ግማሹ «አየሽ፣ ብዬሽ አልነበር?» እያለ፣ ግማሹ ደሞ «ታዲያ ማመልከቻዬን ልተወው?» እያለ፣ እነዚህኞቹ ናቸው ሆዴን ያባቡት። ርዕሱ «ግሎባል ሄልዝ ሞቷል» ይላል፣ ግሎባል ሄልዝ ማለት ድንበር ተሻግሮ የሕዝብን ጤና የሚመለከተው ሙያ ነው። ጸሐፊው ስሙን አላስቀመጠም፣ ግን የሙያው ሰው መሆኑ ያስታውቃል፣ ተቃጥሎ ነው የጻፈው፣ ንዴቱም የውሸት አይደለም። እኔም በፐብሊክ ሄልዝ ማስተርሴን ይዤ ስምንት ዓመት በዚሁ ሙያ እንጀራ የበላሁ ሰው ነኝ፣ ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው፣ ዴድላይኑም ስኮላርሺፑም በዛ ስለሆነ።)

መጀመሪያ ያለውን እንዳለ ላስቀምጥ፣ በኋላ «ያላልኩትን አስባልሽኝ» እንዳይለኝ። አምስት ነገር ነው የሚለው። አንድ፣ የአሜሪካ መንግሥት የእርዳታ መስሪያ ቤት ዩኤስኤአይዲ ሲዘጋ ሥራው አብሮ ተዘግቷል፣ ከዚህ በኋላ በዚህ ሙያ የሚቀጥር የለም። ሁለት፣ ስኮላርሺፕ የሚባለው ለሐኪምና ዘመድ ላለው ነው፣ ለዚህም ለኮመንዌልዝ ስኮላርሺፕ ሦስት ዓመት በተከታታይ አመልክቶ ያልተሳካለትን የጤና መኮንን ጓደኛውን ምስክር ይጠራል። ሦስት፣ እዚህ ሀገር የሚሰጠው ማስተርስ ወረቀት ብቻ ነው። አራት፣ ሪሰርች የገንዘብ ጨዋታ ነው፣ ገንዘብ የሌለው አያሳትምም። አምስት፣ ስለዚህ እንደምንም ብላችሁ አሜሪካ ግቡ፣ በሙያችሁ እዛው ሥሩ፣ ከገባችሁ አትመለሱ።

ከአንደኛው ልጀምር፣ ከሁሉም እውነት የበዛበት እሱ ስለሆነ።

በጃንዋሪ 2025 እርዳታው ሲታገድ እኔም ፕሮጀክት ላይ ነበርኩ፣ የትኛው ድርጅት እንደሆነ ይቅር። ቅዳሜና እሁድን ኢሜይል ስንጠብቅ አሳለፍን፣ ሰኞ ቢሮ ስንገባ ላፕቶፕ አስረክቡ ተባልን፣ ሰባት ዓመት የነዳ ሾፌር ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ አንድ ቃል ሳይናገር ሲወጣ ያየሁትን አልረሳውም። በማርች 83 በመቶ የሚሆነው ፕሮግራም እንደተሰረዘ ተነገረ፣ ጁላይ 1 ላይ መስሪያ ቤቱ ራሱ ተዘጋ። እኛ ጋ ጤና ሚኒስቴር በአሜሪካ ገንዘብ በኮንትራት ይሠሩ የነበሩ 5,000 ያህል ሠራተኞችን አሰናበተ። ከዛ ወዲህም አላባራም፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለ2026 እና 2027 ያሰበውን በጀት በ21 በመቶ ቆርጦ 4.2 ቢሊዮን ዶላር ላይ አወረደው፣ ለኤድስ፣ ለቲቢና ለወባ ገንዘብ የሚሰጠው ግሎባል ፈንድ በኖቬምበር 2025 18 ቢሊዮን ጠይቆ ቃል የተገባለት 11.34 ቢሊዮን ነው። ጸሐፊው ጉዳቱን አላጋነነም፣ እንደውም ቀንሶታል ባይ ነኝ።

ግን ቁጥሩን እስቲ መለስ ብለን እንየው። 11.34 ቢሊዮን ዶላር የሞተ ሰው ኪስ ውስጥ አይገኝም። የቀነሰና የጠፋ ነገር አንድ እንዳልሆነ ደሞ ከኛ በላይ የሚያውቅ መኖር አልነበረበትም፣ ኮንትሮል (በሽታን መቆጣጠር) ሌላ፣ ኤሊሚኔሽን (ከአንድ አካባቢ ማጥፋት) ሌላ፣ ኢራዲኬሽን (ከዓለም ማጥፋት) ሌላ እየተባለ አንደኛ ሴሚስተር ላይ ስንት ሰው ነጥብ ያጣበት ጥያቄ ነው።

በሽታውም ቢሆን የዋሽንግተንን በጀት አይቶ አይመጣም። በኖቬምበር 2025 ጂንካ ላይ ማርበርግ የሚባለው እንደ ኢቦላ ያለ ገዳይ የቫይረስ በሽታ ሲገኝ፣ ለሀገራችን የመጀመሪያው መሆኑ ነው፣ ዩኤስኤአይዲ የሚባል ነገር አልነበረም። ናሙና የሚመረምር፣ ንክኪ የነበራቸውን ቤት ለቤት እየዞረ የሚከታተል፣ የዕለቱን ዳታ ሌሊት ቁጭ ብሎ የሚያጠናቅር፣ ከለቀስተኛ ቤተሰብ ጋር ስለ ቀብር አፈፃፀም በትህትና የሚነጋገር ሰው ግን ያስፈልግ ነበር። የፊልድ ኤፒዲሚዮሎጂ (የወረርሽኝ ክትትል) ማስተርስ በ2009 እዚህ ሀገር የተጀመረው ለእንዲህ ዓይነቱ ቀን ነው፣ ተማሪው ከጊዜው ሦስት አራተኛውን ሜዳ ላይ የሚያሳልፍበት ትምህርት።

ሌላው የገረመኝ፣ ጽሑፉ ስለ ዋሽንግተን ያን ሁሉ አትቶ ስለ አዲስ አበባ አንድ መስመር የለውም። የአፍሪካ ኅብረት የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል፣ አፍሪካ ሲዲሲ እኮ ከ2017 ጀምሮ እዚሁ ነው ያለው፣ አዲሱ ሕንፃው በጃንዋሪ 2023 ተመርቋል። ኬንያዊውና ናይጄሪያዊው ሻንጣውን ይዞ አውሮፕላን ተሳፍሮ የሚመጣበት መስሪያ ቤት እኛ በታክሲ የምንደርስበት ነው። በሩ ሰፊ ነው አልልም፣ የሚወዳደረው የ55 ሀገር ሰው ነው፣ ፈረንሳይኛ የሚናገር ደሞ አንድ እርምጃ ይቀድማል፣ የኛ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚሸነፈው፣ የፈረንሳይኛ ትምህርት ቤቱ አሊያንስ ፒያሳ ቁጭ ብሎ እየጠበቀን እንግሊዝኛችንን ብቻ ይዘን እንሄዳለን። (እኔም ራሴ ሁለት ደረጃ ተምሬ አቋርጫለሁ፣ ስለዚህ አልፈርድም።)

እርግጥ የሞተ ነገር አለ። ማስተርስ ጨርሶ፣ ሲቪ ላይ «ኤም ኤንድ ኢ» (ክትትልና ግምገማ) ብሎ ጽፎ፣ የዶነር ፕሮጀክት ውስጥ ገብቶ፣ በየሆቴሉ ስልጠና ላይ ፐርዲየም እየፈረሙ መኖር የሚባለው መንገድ፣ እሱ ተመልሶ የሚመጣ አይመስለኝም። ጸሐፊው የሚያለቅሰው ለሱ ከሆነ አብሬው ላለቅስ እችላለሁ፣ ኑሮ ነው። ግን እሱን «ሙያው» ብሎ መጥራት ልክ አይደለም። የመንግሥት ደሞዝ ቤት ኪራይ አይሸፍንም ካለኝም አልከራከረውም፣ በሜይ 2025 የጤና ባለሙያዎች ሥራ እስከማቆም የደረሱት ለምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን «ደሞዙ ትንሽ ነው» እና «ሥራው የለም» ሁለት የተለያየ ክስ ነው፣ በአንዱ አስመስክሮ በሌላው ማስፈረድ አይቻልም።

ወደ ስኮላርሺፑ ልምጣ። እዚህ ላይ ይቅርታ ይደረግልኝና ሳቄ መጣ። ጓደኛው ለኮመንዌልዝ ሦስት ዓመት ያመለከተው ዘመድ ስላጣ አይደለም ያልተሳካለት፣ ኢትዮጵያ የኮመንዌልዝ፣ የእንግሊዝና በአብዛኛው የቀድሞ ቅኝ ግዛቶቿ ማህበር፣ አባል ስላልሆነች ነው! አጎቱ ሚኒስትር ቢሆንም ያው ነበር። ኬንያ አባል ናት፣ ኡጋንዳ አባል ናት፣ ሩዋንዳ እንኳን የእንግሊዝ ቅኝ ሳትሆን በ2009 ገብታለች፣ እኛ የለንበትም። ሦስት ዓመት ላም አለኝ በሰማይ። ይሄን የምለው ጓደኛውን ለማሾፍ አይደለም፣ ዲፓርትመንቱ ውስጥ «ማመልከት የምትችሉት ለዚህ፣ የማትችሉት ለዚያ» ብሎ አንድ ከሰዓት የሚያስረዳው ሰው አለመኖሩ ያናድደኛል፣ ጽሑፉ ይሄን ቢከስ ኖሮ አብሬ እፈርምበት ነበር።

ታዲያ የሚቻለው የቱ ነው? የእንግሊዝ መንግሥት ስኮላርሺፕ ቼቭኒንግ ለኢትዮጵያዊ ክፍት ነው፣ 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፣ ይሄ ለአንድ ጤና ጣቢያ ሁለት ዓመት ለሠራ ሰው ችግር አይደለም፣ ስትጨርሱ ሁለት ዓመት ሀገራችሁ ትመለሳላችሁ። የጀርመኑ የስኮላርሺፕ ድርጅት ዳድ (DAAD) ለታዳጊ ሀገር ባለሙያዎች ያዘጋጀው ፕሮግራም አለው፣ ፐብሊክ ሄልዝ ከነትምህርት ክፍሎቹ ውስጥ አለበት፣ የሚፈልገው ቢያንስ ሁለት ዓመት ልምድና ከስድስት ዓመት ያልበለጠ ዲግሪ ነው፣ እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፣ «ትንሽ ልሥራና» እያሉ ሰባተኛው ዓመት ላይ የሚነቁ ብዙ ናቸው። የአውሮፓ ኅብረቱ ኤራስመስ ሙንዱስ ክፍያውን ሸፍኖ በወር 1,400 ዩሮ ይሰጣል፣ ትኩስ ተመራቂም ይወዳደራል። ቅርብ ከተፈለገ ደሞ ሩዋንዳ ውስጥ ከ2015 ጀምሮ የግሎባል ሄልዝ ማስተርስ የሚሰጥ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ ካምፓሱ ቡታሮ ነው፣ ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ግሎባል ሄልዝ ኢኩዊቲ ይባላል፣ ለተማሪ የገንዘብ ድጋፍም አለው፣ ክፍሉ ውስጥ አብሯችሁ የሚቀመጠው ነርስ፣ ፋርማሲስት፣ አንዳንዴም የእንስሳት ሐኪም ነው።

«ለሐኪም ብቻ» ለሚለው ብዙ መልስ አያስፈልገውም። ፖለቲካውን ለጊዜው እንተወውና፣ ከ2017 ጀምሮ የዓለም ጤና ድርጅትን የሚመሩት ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም የሕክምና ዶክተር አይደሉም። የመጀመሪያ ዲግሪያቸው ባዮሎጂ ነው፣ ማስተርሳቸው ከለንደን በኢሚዩኖሎጂ፣ ፒኤችዲያቸው ከኖቲንግሃም በኮሙኒቲ ሄልዝ።

የሚታመነውን ግን ልመን። ዘመድ ባይሆንም አለቃ አለ። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ለማግኘት ስድስት ሳምንት የአንድ መስሪያ ቤት ኮሪደር ላይ ተመላልሻለሁ፣ «ከሄድሽ ማን ይሠራል» ተባልኩ፣ ደብዳቤው ሲፈረም ዴድላይኑ አልፎ ነበር። የቋንቋ ፈተናው ክፍያ ለአንድ ጤና መኮንን ቀላል ገንዘብ አይደለም። ባለትዳር ከሆናችሁ ደሞ ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ እንግሊዝ ለአብዛኛው የማስተርስ ተማሪ ቤተሰብ ይዞ መግባት ከልክላለች፣ ሁለት ልጅ ያላት እናት ለአንድ ዓመት ትታቸው ትሂድ ማለት ቀላል አይደለም። እነዚህ እውነተኛ እንቅፋት ናቸው፣ ጽሑፉ ውስጥ ግን አንዳቸውም የሉም፣ «ዘመድ» በሚል አንድ ቃል ተጠቅልለው ቀርተዋል።

ሦስተኛው ላይ ብዙ አልቆይም። ጎንደር የፐብሊክ ሄልዝ ኮሌጅ ሆኖ ሲከፈት 1954 ነበር፣ ጤና መኮንኑን፣ ነርሷንና የአካባቢ ጤና ባለሙያውን በቡድን ወደ ገጠር መላክ ስንጀምር «ግሎባል ሄልዝ» የሚባለው ቃል ራሱ ፋሽን አልሆነም። ቡታጅራ ላይ ከ1986 ጀምሮ ልደትና ሞት ሲመዘገብ ኖሯል፣ ከስዊድኑ ኡሜኦ ጋር በተጀመረው በዛ ሥራ ላይ ስንቱ ፒኤችዲውን ሠርቶበታል። ወረቀት ብቻ የሚሆነው ተማሪው ወረቀት ሲያደርገው ነው፣ ወይም አድቫይዘሩ። እሺ፣ እዚህ ላይ አንድ ነጥብ ልስጠው፣ «የእንትን ስርጭትና ተያያዥ ምክንያቶች በእንትን ወረዳ» የሚል ቴሲስ በየዓመቱ በመቶ እየተባዛ፣ ወረዳው ብቻ እየተቀየረ፣ ኦድስ ሬሾ የሚባለው የስታቲስቲክስ ቁጥር ተጽፎ መደርደሪያ ላይ እየተቀመጠ ነው። የኔም እንደዛው ነበር። ወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ኮፒውን ወስጄ ስሰጣቸው የተቀበለኝ ልጅ ለበር መደገፊያ እንዳደረገው በኋላ ሰማሁ።

አራተኛው፣ የሪሰርቹ ጉዳይ፣ ትንሽ ጊዜ ይፈልጋል፣ ምክንያቱም ብዙ ጎበዝ ልጅ ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው።

በ1964 ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ ገና ወጣት ተመራማሪ ሳሉ አድዋ ላይ ስለ ቢልሃርዚያ ሲያጠኑ፣ ሰዎች ልብስ በእንዶድ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ወንዙ ላይ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተንሳፍፈው አዩ። እናቶቻችን ስንት ዘመን ልብስ ሲያጥቡበት የኖረው እንዶድ የቢልሃርዚያን ተሸካሚ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል የታወቀው በዛ ነው። ይሄን ለማየት ግራንት አያስፈልግም ነበር፣ ወንዝ ዳር መቆም ነው ያስፈለገው። ከዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር ሆነው በ1989 «አማራጩ ኖቤል» የሚባለውን ራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አገኙ።

ግን ታሪኩን እዚህ ላይ ባቆም አጭበረበርኩ ማለት ነው። ከ1964 እስከ 1989 ሃያ አምስት ዓመት ነው። በመሀል «አፍሪካ ውስጥ የተሠራ ምርመራ ደረጃውን አያሟላም» እየተባለ፣ ውድ በሆነ ላብራቶሪ ይደገም እየተባለ ነው የተጓተተው። ስለዚህ ጸሐፊው «ገንዘብ ያለው ነው የሚሰማው» ሲል አክሊሉ ለማም ምስክር ይሆኑለታል። ዛሬም አንድ ትልቅ ጥናት ሲታተም ዳታውን የሰበሰበው የኛ ሰው ስሙ መሀል ላይ ተቀብሮ መጀመሪያና መጨረሻው የፈረንጅ ሲሆን አይተናል። በ2022 ሞንትሪያል ላይ የኤድስ ጉባኤ ሲደረግ ስንት አፍሪካዊ ተመራማሪ ቪዛ ተከልክሎ ቀረ፣ ስለ አፍሪካ ሊወራ። እነዚህን ክጄ ከሱ ጋር የምከራከር አይደለሁም።

የምከራከረው «ገንዘብ የሌለው አያሳትምም» በሚለው ላይ ብቻ ነው፣ ይሄ ውሸት ነው፣ ጎጂ ውሸት። ብዙ የታወቁ ኦፕን አክሰስ ጆርናሎች ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው ሀገሮች ለሚልክ ሰው ክፍያውን ይሰርዛሉ ወይም ይቀንሳሉ፣ ፎርሙ ላይ ትጠይቃላችሁ፣ በቃ። ሳትጠይቁ ከላካችሁ ግን በኋላ ማን ይሰማችኋል። ለማንበብ ደሞ ሂናሪ አለ፣ በዓለም ጤና ድርጅት በኩል ከ2002 ጀምሮ የሚሠራ፣ በዶላር የሚሸጡ ጆርናሎችን ለኛ ዓይነት ሀገር ዩኒቨርሲቲዎች የሚከፍት። የይለፍ ቃሉ ላይብረሪው ጋ ነው። እኔ ማስተርስ ስማር ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው መኖሩን የሰማሁት፣ እሱም ከጅማ ከመጣ ልጅ። ገንዘብ ከፍላችሁ በአምስት ቀን «ተቀብለናል» የሚሉትን ጆርናሎች ሽሹ፣ ፕሮሞሽን ኮሚቴው ባያያቸው የስኮላርሺፕ ኮሚቴው ያያቸዋል።

ዳታም ቢሆን። የኛን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ የ2000፣ የ2005፣ የ2011 እና የ2016ቱን፣ ተመዝግቦ ፕሮፖዛል ያስገባ ተማሪ በነፃ ሲያወርደው ኖሯል። አዎ፣ ይህን ሲደግፍ የነበረው የዩኤስኤአይዲ ፕሮግራም በ2025 ተቋርጦ ሁላችንም ደንግጠናል፣ አንድ ሀገር በዓመት ስንት ሕፃን እንደሚሞትባት ለማወቅ የሌላ ሀገር ፕሬዝዳንት ፊርማ መጠበቁ በራሱ ያሳፍራል። ግን ጤና ጣቢያው ውስጥ ያለው የጤና መረጃ መመዝገቢያ፣ ዲኤችአይኤስ ቱ፣ በየወሩ ይሞላል፣ እና ማንም አይመረምረውም! ጥራቱ ችግር አለበት ትሉኛላችሁ። ጥራቱ ለምን ችግር እንዳለበት ማጥናት ራሱ ቴሲስ ነው፣ ከ«ስርጭትና ተያያዥ ምክንያቶች» ይልቅ ሰው የሚያነበው። በ2011 በ13 ወረዳ የተሞከረው የማህበረሰብ ጤና መድን ዛሬ አብዛኛው ወረዳ ደርሷል፣ ማን ከፈለ፣ ማን አልከፈለም፣ መድኃኒት ከሌለ ለምን ይከፍላል፣ ይሄን ቁጭ ብሎ የሚያሰላ የጤና ኢኮኖሚስት ስንት አለን? እርዳታ ሲቀንስ የዚህ ሰው ዋጋ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። እኔን አሁን የቀጠሩኝም ኤምፒኤች (የፐብሊክ ሄልዝ ማስተርስ) ስላለኝ አይደለም፣ R በሚባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ዳታ ማጽዳት ስለምችል ነው፣ እሱንም ሥራ ፈትቼ ቤት በዋልኩባቸው አምስት ወራት ነው ከዩቲዩብ የተማርኩት።

አምስተኛው ላይ ጽሑፉ ራሱን ይጠልፋል። አንደኛው ነጥብ አሜሪካ ከጤናው ሥራ እጇን ስለሰበሰበች ሙያው አልቋል ይላል፣ አምስተኛው ደሞ አሜሪካ ሄዳችሁ በዚሁ ሙያ ሥሩ ይላል። ወንድሜ፣ አንዱን ምረጥ። በኤፕሪል 2025 የአሜሪካ የጤና መስሪያ ቤት ራሱ 10,000 ያህል ሠራተኛ መቀነስ ጀምሯል፣ ከነዚህ ውስጥ የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ሲዲሲ የነበሩ ኤፒዲሚዮሎጂስቶች አሉ፣ እዛው ተወልደው እዛው የተማሩ፣ አሁን ከናንተ ጋር ለአንድ ወንበር የሚወዳደሩት እነሱ ናቸው። ከጁላይ 2025 ጀምሮ ለኢትዮጵያዊ የሚሰጠው የተማሪም የጎብኚም ቪዛ በአብዛኛው ለሦስት ወርና ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ ሆኗል፣ እናት ብትታመም መጥቶ መመለስ እንደገና ኤምባሲ መሰለፍ ነው። በሴፕቴምበር ደሞ ከውጭ ለሚመጣ አዲስ የኤች ዋን ቢ (የባለሙያ የሥራ ቪዛ) ሠራተኛ ቀጣሪው 100,000 ዶላር ይክፈል ተባለ። የትኛው የጤና ቢሮ ነው ለአንድ የኤምፒኤች ምሩቅ ይህን የሚከፍለው?

መሄድ ነውር ነው እያልኩ አይደለም። የሄደውን አላማም፣ ሰው ቤተሰቡን ያኖራል፣ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ሌሊት አረጋውያን እየተንከባከበች ቀን የምትማር ጓደኛ አለችኝ፣ በየወሩ የምትልከው ሁለት ወንድሞቿን አስተምሯል። እሷ ግን «ግሎባል ሄልዝ ልሠራ መጣሁ» አትልም፣ እውነቱን ነው የምትናገረው። የኔ ቅሬታ ገና ሃያ አምስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ያንን መንገድ ብቸኛ መንገድ አድርጎ እንዲያይ መደረጉ ላይ ነው።

ጽሑፉ መጨረሻ ላይ «የገዛ እህታችሁ ይህን ትምህርት ልማር ብትላችሁ ምን ትሏታላችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ለኔ ግን የእህቴ ልጅ ናት ቀድማ የጠየቀችኝ። ወላይታ ሶዶ ሁለት ዓመት ሠርታለች፣ ጤና መኮንን ናት። መጀመሪያ ፈረንሳይኛ ተመዝገቢ አልኳት፣ ሳቀችብኝ። ከዛ የወረዳዋን የመድን ዳታ ይዛ መጣች፣ ሦስት ቅዳሜ አብረን ቁጭ ብለን አጸዳነው፣ አሁን ለኤራስመስ የሞቲቬሽን ደብዳቤዋን ሦስተኛ ጊዜ እየጻፈች ነው። ሁለተኛውን ያበላሸሁባት እኔ ነኝ፣ ትልልቅ ቃል አስገብቼ ፕሮፖዛል አስመሰልኩት።